ዓድዋን በካርቶን አሽጌ ላክሁት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ኮተቤ አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ያለኝ አናጢ ነኝ። ጋዜጣችሁን ሁሌ እገዛለሁ፣ አንብቤ ስጨርስ ደግሞ ቫርኒሽ ስቀባ ከሥር አነጥፈዋለሁ፣ አትቀየሙኝ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመባችሁ ቁረጡት፣ የካርታውን ነገር ብቻ አትንኩብኝ።

በየካቲት ስለ ዓድዋ ያወጣችሁትን አንብቤአለሁ። ጥሩ ነው። ሥዕሉም አለ፣ ያው ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ፣ የኛዎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ጣሊያኖቹ ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን። ይሄን ዓይነት ሥዕል ከልጅነቴ ጀምሮ በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ሳየው ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ልብ ያልኩት ግን ዘንድሮ ነው። ሰዉ ሁሉ የቆመው ሜዳ ላይ ነው! ንጉሡ አሉ፣ እቴጌይቱ አሉ፣ መድፉ አለ፣ ነጋሪቱ አለ፣ ተራራው የለም። ዓድዋ ላይ ያን ያህል ሜዳ ከየት መጣ?

ይሄን የምለው ታሪክ ተምሬ እንዳይመስላችሁ። በስጦታ ምክንያት የመጣ ነገር ነው።

የእህቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ነው ያደገው፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ። ልጁ አንድ አመል አለው፣ የጦርነት ጨዋታ ይወዳል። ስልክ ላይ የሚጫወቱትን ማለቴ አይደለም። የጥፍር ቁራጭ የሚያክሉ ወታደሮች ገዝቶ፣ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ቀለም ቀብቶ፣ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ኮረብታና ወንዝ ደርድሮ ከጓደኞቹ ጋር ሲዋጋ ይውላል። ስንት እንደሚራመዱ በሜትር ይለካል፣ ተኩሱ መታ ወይስ ሳተ የሚለውን ዳይስ ይወስናል፣ ዳገት የሚወጣ ወታደር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ከኮረብታ ጀርባ ያለው ደግሞ ስለማይታይ አይተኮስበትም። ዋርሃመር የሚባለውን ጨዋታ የሚሠራው ትልቁ ኩባንያም እዚያው ኖቲንግሃም ነው ያለው፣ እና ልጁ ሌላ አመል ከየት ያምጣ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለገና መጥተው ሳሎን ጠረጴዛዬ ላይ እነዚያን ወታደሮች ሲደረድር አይቼ ለእናቱ "ይሄን የሚያክል ጎረምሳ በአሻንጉሊት ይጫወታል?" ብዬ አማሁት። "ተወው ጋሼ፣ ሌላ ሱስ ከሚይዘው ይሻላል" አለችኝ። ልጁ ሰምቶናል ለካ። ኮስተር ብሎ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው ታሪክ ይነግረኝ ጀመር። በ1812 እ.ኤ.አ. ራይስቪትስ የሚባል አንድ የፕሩሲያ (ያው የጀርመኖቹ አገር) ባሮን ለንጉሡ ለፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሳልሳዊ የጦርነት ጨዋታ ሠርቶ ሰጠ። መሳቢያ ያለው ትልቅ የእንጨት ጠረጴዛ ነው። መሬቱ ደግሞ ተገጣጣሚ ሰሌዳ ነው፣ ኮረብታው ከፍ ወንዙ ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ ንጉሡ እንዳሰኘው እየገጣጠመ አዲስ አገር ይዘረጋበታል። ኋላ የባሮኑ ልጅ ሕጉን አሻሽሎት የፕሩሲያ መኮንኖች ይማሩበት ጀመር። "ስለዚህ ጋሼ፣ ይሄን ነገር ከጀመሩት ውስጥ አንዱ አናጢ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ እንኳ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ ሲባል ነው ጆሮዬ የቆመው። መሳቢያው በምን ተገጠመ ብዬ ብጠይቀው አያውቅም።

እንግዲህ ሲመረቅ ምን ልላክለት ብዬ ሳስብ፣ ብር ከኔ አይጠብቅም፣ የሀበሻ ልብስ እናቱ ሞልታለታለች፣ ሰዓት አለው። ያ የንጉሡ ጠረጴዛ ትዝ አለኝ። ልጁ የሚጫወትባቸው ሰሌዳዎች የናፖሊዮን ሜዳ ናቸው፣ የሆነ የፈረንጅ እርሻ ናቸው። ለምን ዓድዋን አልሠራለትም አልኩ። ስለው ቀላል ነበር።

መጀመሪያ የተጣላሁት ከአውሮፕላን ጋር ነው። እህቴ ለገና መጥታ ስትመለስ እንድትወስደው ነው ያሰብኩት፣ ሻንጣ ደግሞ ልክ አለው፤ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ23 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ጠረጴዛውን ስድስት ቦታ ከፈልኩት፣ እያንዳንዱ ሰሌዳ 60 በ40። ሁለቱን በርዝመት ሦስቱን በወርድ ስትገጥሟቸው 120 በ120 ይሆናል። የተራራ ጫፎቹ ደግሞ በእንጨት ችካል የሚሰኩና የሚነቀሉ ናቸው። ካርቶኑ 62 በ42 በ54። ደምሩት።

ሁለተኛው ካርታ ነው። አንድ የጂኦግራፊ መምህር ወዳጄ 1፡50,000 ካርታ አዋሰኝ። እዚያ ካርታ ላይ ቡናማ መስመሮች አሉ፤ ቀጫጭኖቹ በየ20 ሜትሩ ከፍታ፣ አምስተኛዋ ወፍራም መስመር ደግሞ በየመቶ ሜትሩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አምስት እጥፍ አስተለቅሁት፣ ባለፎቶ ኮፒው መሬት የምገዛ መስሎት የት ነው ቦታው እያለ ሲነዘንዘኝ ነበር። በዚህ ልክ አንድ ሳንቲ ሜትር መቶ ሜትር ሆነች፣ ጠረጴዛው በሙሉ 12 ኪሎ ሜትር በ12 ኪሎ ሜትር ያዘ ማለት ነው። ቁመቱን ግን እጥፍ አደረግሁት። በልኩ ከተሠራ ተራራው ጠረጴዛ ላይ ኩይሳ ነው የሚመስለው፣ ሰው ቆሞ ከላይ ስለሚያየው ዓይን ያሳንሰዋል። እናም ለአንዲት ወፍራም መስመር አንድ ባለ 2 ሳንቲ ሜትር ፎም፣ እየቆረጡ መደራረብ ነው። እንደ አምባሻ ተነባበረ በሉት።

ፎም ስል ያንን ነጩን ነው፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚገባውን። ልሙጡን ከግንባታ ዕቃ መሸጫ ገዛሁ፣ መሙያውን ከምናለሽ ተራ በርካሽ ለቀምኩ። በካተር ስትቆርጡት እንደ በረዶ ይበተናል፣ ሱሪ ላይ ይለጠፋል፣ ቤት ይገባል፣ ከባለቤት ያጣላል። መላው ምን መሰላችሁ? የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ! ጥቅልሉን አቃንቼ ቁራጩን በእንጨት ቀስት ላይ ወጠርኩና ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁት። ሽቦው ሲግል ፎሙን እንደ ቅቤ ይሰነጥቀዋል፣ ጠርዙ ልሙጥ ነው፣ አንድ ፍርፋሪ የለም። ጭሱ ግን መጥፎ ነው፣ ደጅ ወጥቶ ነው የሚሠራው፣ ልጆችም አጠገብ አይቁሙ።

ከሥር ኮምፖርሳቶ፣ ከላይ ፎም፣ መሀሉን በኮላ። ማስቲሽ አይሆንም፣ ማስቲሽ ፎም ይበላል። ይሄን አውቃለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት ነው። ያላወቅሁትን ደግሞ ልንገራችሁ።

ማታ ማታ ከሥራ በኋላ አምስት ሳምንት ፈጅቼ ተራሮቹን ጨረስኩ። ሶሎዳ፣ አባ ገሪማ፣ በላህ፣ ራዮ። ቀለም ቀረ። ለመሠረቱ ቡናማ ስፕሬይ ቶሎ ይገላግለኛል ብዬ አንድ ሱቅ ገባሁ። "ፎም ላይ ይሆናል?" አልኩት ባለሱቁን። "ምን የማይሆንበት አለ!" አለኝ። ቤቴ መጥቼ ጀመርኩ፣ ከራዮ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ ፊቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አወጣ፣ እንደ እንጀራ ዓይን። ቀለሙ ገና ስላልያዘ ነው ብዬ ደገምኩበት። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ እያየ ተራራው ወደ ውስጥ ሰመጠ። ቆሜ ነው ያየሁት፣ ስፕሬዩን እንደያዝኩ። የአምስት ሳምንት ሥራዬ፣ የጣሊያኑ ጄኔራል አሪሞንዲ ብርጌዱን ይዞ ይቆምበታል ብዬ የለፋሁበት ተራራ፣ በሁለት ደቂቃ የቡና ስኒ የሚያስቀምጡበት ጉድጓድ ሆነ። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ከማስቲሹና ከአኳራጅ ጋር ዘመድ ነው፣ ፎሙን ያሟሟዋል። ባለቤቴ ድምፅ ስታጣ መጥታ አየችና ምንም አላለችም። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሻይ አፈላችልኝ።

ራዮን እንደገና ሠራሁ። አሁን ግን ቀለም ከማስነካቴ በፊት ኮላና ጄሶ በውሃ አቅጥኜ ሁሉንም ሁለት ሁለት እጅ ቀባሁ። እሱ ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል፣ በላዩ ላይ የግድግዳ የውሃ ቀለም ነው። ሌላም ጣጣ መጣ፣ ያ ሁሉ እርጥበት ሲደርቅ አንድ ወገን ስቦ ኮምፖርሳቶውን እንደ ሳፋ አጎበጠው። ይሄኛውን እንኳ ሙያዬ አዳነኝ፣ ጀርባውንም ያንኑ ቀብቼ ከባድ ሳንቃ ጭኜበት አደርኩ፣ ሁለቱም ወገን እኩል ሲስብ ቀጥ አለ።

አፈሩን በተመለከተ ሐሳቤ ሌላ ነበር። ከዓድዋ አንድ ኩባያ አፈር አስመጥቼ በኮላ ልነሰንሰው ነበር። እህቴን ባማክራት እንግሊዝ አገር አፈር ማስገባት ክልክል ነው፣ ለእርሻቸው በሽታ ይፈራሉ አለችኝ። ስለዚህ ሰጋቱራ ነው። ሰጋቱራ ከኔ ቤት ምን ጠፍቶ! በባለቤቴ ወንፊት ነፋሁት (ወንፊቱን በአዲስ ተክቻለሁ)። ለቁጥቋጦው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በጁስ መፍጫ ፈጨሁ (ጁስ መፍጫውን ገና አልተካሁም)። ዛፎቹ የደረቀ ጦስኝ ናቸው፣ ጭራሮው ልክ የትንሽ ዛፍ ግንድ ነው፣ ካርቶኑ ሲከፈት ደግሞ ይሸታል።

ቀለሙን ስጨርስ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ልጁ በስልክ ያሳየኝን የፈረንጆቹን ሰሌዳ አይቼ ነው የሠራሁት፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ። ከዚያ አንዲት እናት፣ ዓድዋ ተወልደው ያደጉ ጎረቤታችን፣ ለቡና መጡና ጠረጴዛው ላይ አዩት። ዞር ዞር አሉ።

"ይሄ ምን ጊዜ ነው?" አሉኝ።

"የካቲት ነው እማማ። የካቲት 23።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ሣር በየካቲት ከየት መጣ?"

አፈርኩ። ዝናቡ መስከረም ላይ ካቆመ የካቲት ድረስ ስንት ወሩ ነው? የኮተቤ ሰው ሆኜ ይሄ ይጠፋኛል? እማማ ግን ሣሩን ትተው ጣታቸውን በሸለቆዎቹ ላይ ቀስ ብለው ይነዱት ጀመር። እዚህ ጋ ውሃ አለ፣ እዚህ ጋ ገበያ የምንሄድበት መንገድ፣ እዚህ ጋ የኛ ቤት። ስለ ምኒልክም ስለ ጣሊያንም አንድ ቃል አልወጣቸውም። በዚያ ምድር በቅርብ ዓመታት የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። የእሳቸው ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁና በኋላ አንዲት የጥርስ እንጨት ቁራጭ ቤት አድርጌ ተከልኩበት። ጨዋታው ላይ ምንም ሥራ የላትም። ልጁንም እዚያ ጋ ውጊያ የለም ብዬዋለሁ።

በነገራችን ላይ የዕድራችን አንድ ሰው "ያ ሁሉ ሰው ያለቀበትን መጫወቻ ታደርገዋለህ?" ብሎኛል። ልክ ነው፣ ይቆረቁራል። እኔም አስቤበታለሁ። ግን የዓድዋን ዘፈን ከፍተን የምንጨፍረው እኛው አይደለንም እንዴ? ቢያንስ ይሄኛው ዝም ብሎ እንድታይ ያስገድድሃል።

አረንጓዴውን በሙሉ በገለባና በቡናማ ቀለም ሸፈንኩት። ብሩሹን ትነክሩና ጨርቅ ላይ እስኪደርቅ ትጠርጉታላችሁ፣ ከዚያ የተራራውን ጠርዝ ጠርዝ ብቻ መነካካት ነው። ያን ጊዜ ድንጋዩ ይወጣል። ይሄ የሥራው ሁሉ ጣፋጩ ክፍል ነው፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ድረስ ያስቀምጣል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ማታ ስድስቱን ሰሌዳ ገጠምኩና መብራት አጥፍቼ የእጅ ባትሪ በምሥራቅ በኩል ዝቅ አድርጌ አበራሁ፣ ንጋት እንዲመስል። ከዚያ በርከክ ብዬ ዓይኔን ከጠረጴዛው እኩል አደረግሁ። መምህሩ ወዳጄ የነገረኝን አንድ በአንድ ተከተልኩ። የካቲት 22 ለ23 አጥቢያ፣ 1888 ዓ.ም.። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ 17,700 ገደማ ጦሩንና 56 መድፉን ይዞ ከሰፈረበት ከሳውሪያ ሌሊቱን ተነሣ። ብርጌዶቹን የሚመሩት ጄኔራሎች በግራ አልቤርቶኔ፣ መሀል አሪሞንዲ፣ በቀኝ ዳቦርሚዳ፣ ከኋላ ተጠባባቂው ኤሌና። ሐሳቡ ሦስቱ ጎን ለጎን እየተያዩ ኮረብቶቹን እንዲይዙ ነው። ዓይኔን አልቤርቶኔ የደረሰበት ቦታ ላይ አድርጌ ወደ ዳቦርሚዳ ሳይ ምን አየሁ? ተራራ። በላህ መሀል ላይ ተገትሯል። ከዳቦርሚዳ በኩል፣ ከማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ሆኜ ወደ አልቤርቶኔ ሳይም ተራራ። አንዱ ሲያልቅ አንዱ አያይም። ትምህርት ቤት የጄኔራሎቹን ስም አስሸምድደውናል፣ እኔም ፈተና ላይ ጽፌ አልፌበታለሁ፣ ግን እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ አይተያዩም ነበር ያለኝ የለም።

አሁን ወደ ካርታው ልምጣ፣ ያ አትንኩብኝ ያልኳችሁ።

ባራቲየሪ ለመኮንኖቹ የሰጠው በእጅ የተነደፈ ካርታ ነበር። እሱ ላይ ለአልቤርቶኔ ያዝ የተባለው ኮረብታ ስሙ "ኪዳነ ምሕረት" ተብሎ ተጽፏል፣ ራዮ አጠገብ ያለ ኮረብታ ነው። አልቤርቶኔ በሌሊት እዚያ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ ግን እንዳ ኪዳነ ምሕረት እዚህ አይደለችም፣ ወደፊት ናት አሉት። እውነታቸውን ነው። የአገሬው ሰው ኪዳነ ምሕረት የሚላት ወደ ዓድዋ ገባ ብላ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ወደፊት ናት። ሰውየው ጦሩን ይዞ ቀጠለ። ሲነጋ ብቻውን ነው፣ ፊቱ የምኒልክ ሠራዊት።

ይሄን ታሪክ ብዙ ሰው በወሬ ሰምቶታል። እኔ ግን ሜትሬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ለካሁት። 60 ሳንቲ ሜትር። አንድ ሰሌዳ ሙሉ! ከአንዱ ኪዳነ ምሕረት እስከ አንዱ ኪዳነ ምሕረት ክንዴ አልደርስ አለ። እዚህ አዲስ አበባ ለታክሲ ሹፌር "ኪዳነ ምሕረት" ብትሉት እኮ "የቷ?" ይላችኋል፤ የእንጦጦዋ ናት፣ ሌላ ናት። ይሄን የማይጠይቅ ሹፌር የለም። 17,700 ሰው ይዞ የመጣ ጄኔራል ነው ያልጠየቀው።

የቀረውን ቶሎ ልጨርስ። ስድስቱን ሰሌዳ ፊት ለፊት እያጋጠምኩ፣ መሀሉ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ጫፎቹን ለየብቻ በጋዜጣ (በእናንተው) ጠቅልዬ አሸግሁት። 19 ኪሎ መዘነ። እህቴ ኤርፖርት ፍተሻው ላይ ክፈቺ ተባለች። ፈታሹ የላይኛውን ሰሌዳ ገልጦ ጦስኙን አሸተተ። "ምንድነው እህቴ?" "ዓድዋ ነው" አለችው። ትንሽ ዝም አለና "የትኛው ተራራ ነው?" አላት። እሷ የት ታውቀዋለች፣ "ወንድሜን ልደውልለት?" ብላ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እሱ ራሱ መልሶ በሥርዓት አሸገላት።

ልጁ ሲከፍተው በቪዲዮ ነበርኩ። እናቱ እንዳለችው አልቅሷል፣ እሱ ግን ጦስኙ ነው ይላል።

መጀመሪያ የተጫወቱ ቀን ግን ጣሊያን አሸነፈ! እውነቴን ነው፣ ስልኩን ልዘጋበት ምንም አልቀረኝም። ልጁ በስድስት ሚሊ ሜትር ወታደሮች ነው የሚጫወተው፣ አንዱ የመቶ ሰው ወካይ ነው፣ ጣሊያን በ177 ወታደር ይመጣል፣ ለኛ ወደ 1,000 ያስፈልጋሉ። ግማሹን ገና አልቀባም፣ የቀረውን በካርቶን ቁራጭ ተክቶታል፣ እኔ ሽንፈቱን ለጊዜው በካርቶን ቁራጩ አሳበብኩ። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ጣሊያንን የያዘው ጓደኛው ታሪኩን አንብቦ ነው የመጣው። አልቤርቶኔን ከአሪሞንዲ አጠገብ አቁሞ አላነቃነቀውም። የተራራው ክፉነት ለኛም ሆነብን፣ ዳገት ለሚወጣ ሁሉ ክፉ ነው።

ለሁለተኛው ጨዋታ ልጁ ዘዴ ፈጠረ። ስለ ዓድዋ ምንም የማያውቅ ሌላ ጓደኛ አመጣና ጠረጴዛውን በአንሶላ ሸፍኖ፣ በእጁ ነድፎ ያዘጋጀውን ካርታ በፖስታ ሰጠው፣ ኪዳነ ምሕረት ራዮ አጠገብ የተጻፈባትን። ወታደር የደረሰበት ቦታ ብቻ ነው አንሶላው የሚገለጠው። እኔን ደግሞ በቪዲዮ ስልክ መንገድ መሪ አደረገኝ። እዚህ ኮተቤ ወንበሬ ላይ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ፈረንጁ ልጅ እየተራመደ እየተራመደ ኮረብታው ጋ ደረሰ፣ ካርታውን አየ፣ አንሶላውን አየ፣ ግራ ገባው። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞሮ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፣ የእህቴ ልጅ ተረጎመልኝ፤ "ኪዳነ ምሕረት ይቺ ናት ወይ?"

እኔ ምን ልበል? እውነቱን ነገርኩት። "አይደለችም። ወደፊት ናት።"

ሄደ።

አሁን የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በሚቀጥለው የካቲት ከሥዕሉ ጎን አንድ ካርታ አውጡ፣ የከፍታ መስመር ያለውን፣ ሁለቱንም ኪዳነ ምሕረት ምልክት አድርጋችሁ። ግማሽ ገጽ ይበቃል፣ የቀረውን ልጆች ያላቸው ሰዎች በካርቶንም ቢሆን ይሠሩታል። ሁለተኛው፣ ማርያም ሸዊቶ ያለችበት ሰሌዳ በመንገድ ላይ ተፍቆ ፎሙ ወጥቷል፣ ልጁ እዚያው ሊቀባው ነው። እኔ ቀላ ያለ ቡናማ ነው ያደረግሁት፣ እማማ ደግሞ ከዚህ ነጣ ይላል ይላሉ። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል በየካቲት መጨረሻ ከሸለቆው ውስጥ ቆሞ ፎቶ ያነሣ ሰው ካለ፣ ሰው የሌለበት፣ አፈሩ ብቻ የሚታይ፣ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢልክልኝ ውለታው አለብኝ። ቀለሙን እዚህ በጥብጬ ለእህቴ ቁጥሩን እነግራታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከኮተቤ፣ አናጢው አንባቢያችሁ